ልጄ ትምህርት ቤት አትናገርም፤ እስከ ሰኞ የሐኪም ወረቀት አምጪ ተባልኩ

የአቶቴ እናት፦
ሐዋሳ ያላችሁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። አሁን ከትምህርት ቤት ተደውሎልኝ ነው። ልጄ 5 ዓመቷ ነው፣ ኬጂ 2። ከመስከረም ጀምሮ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ይኸው ኅዳር ገባ። ጆሮዋ ሳይሆን አይቀርም፣ ወረቀት ካላመጣሽ አንቀበላትም ይላሉ። ነገ ቅዳሜ ጆሮ የሚመረምር የት አገኛለሁ?

የሦስት ልጆች አባት፦
የኔዎቹ ዝም የሚሉበት ትምህርት ቤት ካለ አድራሻውን ላኪልኝ 😀 አይዞሽ እህቴ፣ ጊዜው ሲደርስ ታወራለች።

ታቦር፦
ስልክ ነው! እኛ ስናድግ ታቦር ተራራ ስንወጣና ስንወርድ ነበር የምንውለው፣ አፋችንም እዚያው ነው የተፈታው። ዛሬ ልጅ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ስልክ ላይ ነው። ቀሚያት።

ወለተ፦
ጠበል ውሰጃት። ገብርኤል ቅርብሽ ነው።

የአቶቴ እናት፦
ኧረ ስልክ አልሰጣትም። ቤት ለፍላፊ ናት እኮ! ባጃጅ ውስጥም እስከ ትምህርት ቤቱ በር ታደነቁረኛለች፤ በሩ ጋ ስንደርስ ጭጭ።

አሞራ ገደል፦
ታዲያ የጆሮ ምርመራ ለምን ፈለግሽ? ከጓዳ ስትጠሪያት አቤት የምትል ከሆነ ትሰማለች። ቤት በምን ቋንቋ ነው የምታወሯት? የጎረቤቴ ልጅ ሲዳምኛ ብቻ እያወራ አድጎ፣ አማርኛው ስላልገባው ዲዳ ተብሎ ነበር።

ወለተ፦
ደግሜ እላለሁ፣ ጠበል።

ነርሷ፦
የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ቤት እንደ ልቧ እያወራች ትምህርት ቤት ዝም የምትል ልጅ ስትመጣ ቶሎ የምናስበው ሴሌክቲቭ ሚውቲዝም የሚባለውን ነው። ከአንድ ወር በላይ ሲቆይ ነው እንደዚያ የሚባለው፤ ትምህርት የተጀመረበት የመጀመሪያው ወር አይቆጠርም፣ ያኔ ብዙ ልጅ ያፍራል። እልህ አይደለም፣ ጭንቀት ነው። መናገር እየፈለገች ድምፁ እምቢ ይላታል። ኦቲዝም ነው ብለው እንዳያስደነግጡሽ፤ የኦቲዝም ምልክት ቤትም ይታያል።

ጆሮዋም ይታይ፣ መስማት በትንሹ ሲቀንስ ቤት ላይታወቅ ይችላል። ሰኞ በጠዋት ሪፈራል ሆስፒታል ሄደሽ ካርድ አውጪ፣ አንገት በላይም (የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሕክምና) የአእምሮ ሕክምናም እዚያ አለ። ካርዱን ለትምህርት ቤቱ አሳይተሽ ጊዜ ጠይቂ። ደግሞ ቤት ስታወራ ዛሬውኑ ቪዲዮ ቅረጫት፤ ሐኪሙ ፊት አንድም ቃል ላትናገር ትችላለች።

«ተናገሪና ከረሜላ እሰጥሻለሁ» አትበሏት፣ አትቆጧትም። ሰው ሲጠይቃት ቀድመሽ አትመልሺላት፣ በልብሽ እስከ 5 ቁጠሪ። «ውሃ ትፈልጊያለሽ?» ከምትያት «ውሃ ነው ወተት?» በያት፣ የመጀመሪያውን ራሷን ነቅንቃ ታልፈዋለች። ዋናው ሕክምና ልምምድ ነው። ልጆች ሲወጡ ባዶው ክፍል ውስጥ ከአንቺ ጋር ትጫወት። ማውራት ስትጀምር መምህሯ በር ላይ ትቁም፣ ዝም ብላ። ሌላ ቀን ጠጋ ትበል፣ ከዚያ ጨዋታው ውስጥ ትግባ፣ በመጨረሻ አንቺ ቀስ ብለሽ ውጪ። ሳምንታት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ወራት። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ የጭንቀት መድኃኒት በዚህ ለውጥ ካልመጣ ወይም በጣም ከከበደ ሐኪም የሚወስነው ነው። ጠበልም ከሄዳችሁ ሰው ፊት ተናገሪ እየተባለች አትጨነቅ።

የኬጂ መምህርት፦
እኔ አዳማ ነው የማስተምረው። እንደዚህ ያለ ልጅ ነበረኝ። አንድ ቀን «ቀይ» ሲል ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበለት፣ እኔም አብሬ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ዝም አለ። እስካሁን ይቆጨኛል። ስትናገር ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥሉ።

የአቶቴ እናት፦
ነርሷ እግዜር ይስጥሽ፣ እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። እኔ አማርኛ፣ አባቷ ሲዳምኛ ነው የምናወራት፤ ለሁለታችንም ትመልሳለች። ቪዲዮ አሁን እየቀረጽኩ ነው። ዳይሬክተሯ ግን ባዶውን ክፍል የምትፈቅድልኝ አይመስለኝም።

ነርሷ፦
ክፍሉን ከከለከለችሽ ግቢው ውስጥ ጀምሪ። ከደወል በፊት 15 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱና ዥዋዥዌው ጋ ተጫወቱ፣ ቦታው ራሱ ድምጿን ይልመድ። ሰኞ ሪፈራል ስትሄጂ ደግሞ ሐኪሙ ይህንኑ ለመምህሯ በወረቀት እንዲጽፍልሽ ጠይቂው።