አማካሪዬን ማግኘት አልቻልኩም፣ የምስክርነት ደብዳቤውን ከማን ላምጣ?

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ካወጣቸው ክፍት የሥራ ቦታዎች ለሁለቱ እያመለከትኩ ነው፤ አንዱ የአስተዳደር ባለሙያ፣ ሌላው የምርምር ረዳት። የአስተዳደሩ አላስቸገረኝም። የትምህርት ማስረጃ፣ ሲቪና የሥራ ልምድ ደብዳቤ አስገብቼ ጨረስኩ።

የከበደኝ የምርምሩ ነው፤ እኔ ደግሞ አጥብቄ የምፈልገው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ፕሮጀክቱ የማስተርስ መመረቂያዬን የሠራሁበት ርዕስ ላይ ነው። ሁለት የምስክርነት ደብዳቤ ይጠይቃል፣ አንዱ የግድ የመመረቂያ ጽሑፌ አማካሪ ከነበሩት ሰው መሆን አለበት። እሳቸው የተማርኩበትን ዩኒቨርሲቲ ለቀዋል። ኢሜይላቸው ተዘግቶ የምልከው ሁሉ ተመልሶ ይመጣል፣ ትምህርት ክፍሉም አዲስ አድራሻቸው የለንም አለኝ። ቦታውን ባዶ ትቼ ልለፍ ስል ቅጹ በቀይ «ይህ ክፍል መሞላት አለበት» እያለ አላሳልፍ አለኝ። ለሰው ሀብት ክፍሉ ጻፍኩ፣ እስካሁን ዝም ነው። ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል።

የመመረቂያ ጽሑፌ የውስጥ ፈታኝ የነበሩት መምህር ግን ደስ ብሏቸው ሊጽፉልኝ ፈቅደዋል። ሥራዬን ከዳር እስከ ዳር አንብበውታል።

እና ቅጥር ኮሚቴ ውስጥ የሠራችሁ ወይም እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ፣ በአማካሪዬ ቦታ የፈታኜን ስም ሞልቼ ምክንያቱን ማመልከቻ ደብዳቤዬ ላይ ባስረዳ ይቀበሉኛል ወይስ ገና ሲያጣሩ ይጥሉኛል?