«ካካዎው አይቆጠርም» ላላችሁት

ጮማ ወዳድ፦ ትናንት እዚህ የእንስሳት ምግብ ተመጋቢዎች ቡድን ላይ «መቶ በመቶ የእንስሳት ቸኮሌት» ተብሎ የተለጠፈውን አሠራር አይታችሁ ዝም ማለታችሁ አናዶኛል። አንድ ኩባያ የቀለጠ ሞራ፣ ግማሽ ኩባያ የካካዎ ዱቄት፣ ማር፣ ሁለት አስኳል፣ ቁንጥር ጨው። አንድ አዲስ ገቢ «ካካዎ ዕፅ አይደለም ወይ?» ብሎ በትሕትና ቢጠይቅ፣ ለጣፊዋ «ስቡ ስለሚበዛ ካካዎው አይቆጠርም» ብላ ዘጋችው። ካካዎ ዘር ነው። እዚሁ ቤት ሰሊጥ የበላውን፣ በሱፍ ዘይት እንቁላል የጠበሰውን ስንቱን ጀማሪ «ዕፅ መርዙን የሚያስቀምጠው ዘሩ ላይ ነው» እያልን አሸማቀናል። ዘሩ ሲጥመን ሕጉ የሚታጠፍ ከሆነ ያን ሁሉ ሰው ይቅርታ እንጠይቅ። የሚበላ ይብላ፣ ከልካይ የለውም። «መቶ በመቶ» ማለት ግን ሰው ማሳሳት ነው።

የማር ጠብታ፦ ለጣፊዋ እኔ ነኝ። አዲስ ርዕስ ከፍተህ ሰው ከምትሰበስብብኝ እዚያው ከሥሩ ብትጠይቀኝ እመልስልህ ነበር። ይኼ ቡድን ከሥጋና ከውኃ በቀር ሌላ አይነካም የሚሉት ሰዎች ቤት አይደለም። ፍራፍሬ እንበላለን፣ ማር እንበላለን። ሙዙ ከበሬ ነው የተገኘው? በአንድ ቁራሽ የሚደርሰው ካካዎ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም፤ የቀረው ሞራ፣ አስኳልና ማር ነው። ለዚህ ነው አይቆጠርም ያልኩት፤ አሁንም አይቆጠርም።

ጮማ ወዳድ፦ «አይቆጠርም» ስትይ ማነው የማይቆጥረው? ኩላሊት ነው? ካካዎ ኦክሳሌት (የኩላሊት ጠጠር የሚሠራው የዕፅ ንጥረ ነገር) ከሚበዛባቸው ምግቦች አንዱ ነው፤ ሞራ ውስጥ ስለተነከረ ኦክሳሌቱ አይተንም። የኩላሊት ጠጠር አሠቃይቷቸው ስፒናችና ለውዝ ትተው እዚህ የመጡ ሰዎች አሉ። እነሱ ርዕስሽን አምነው ማታ ማታ አራት አምስት ቁራሽ ቢበሉ ተጠያቂው ማነው? ስለ ፍራፍሬው ደግሞ ነገር አታዙሪ። ፍሬ የሚጣፍጠው እንዲበላ ነው። የካካዎ ፍሬም ሲከፈት ዘሮቹን የከበበ ነጭ፣ እርጥብ፣ ጣፋጭ ልባስ አለው። ዝንጀሮ እሱን መጥጦ መራራውን ዘር ይተፋዋል። እኛ የምንከራከርበት ዱቄት የተሠራው ከሚተፋው ነው።

መቅኔ፦ ወንድሜ፣ ዝንጀሮ ሥጋም አይጠብስም። ያ ዘር እንዲሁ በጥሬው አይበላም። ከነልባሱ ተከምሮ ለቀናት ይብላላል፣ ይደርቃል፣ ይቆላል። ምሬቱ የሚቀንሰውም የቸኮሌት ሽታ የሚመጣውም በዚያ ነው። ወተት ሲብላላ እሰይ ብለን ካካዎ ሲብላላ የምንቆጣበት ምክንያት አይገባኝም። ቡናስ? እሱም የተቆላ ዘር ነው። ጠዋት ቡና ሳይቀምስ የሚወጣ ስንት ሰው አለ እዚህ?

ጮማ ወዳድ፦ እኔ ቡና አልጠጣም።

መቅኔ፦ አንተ አትጠጣም። የቡድኑ አስተዳዳሪዎች ግን ይጠጣሉ። እነሱን አንድም ቀን ተናግረሃቸው አላየሁም። ያገኘኸው እሷን ነው።

ነጭ ክሬም፦ ወደ ኦክሳሌቱ እንመለስ፣ እሱ ቁም ነገር ነው። ካልሲየም አንጀት ውስጥ ኦክሳሌትን ይይዘዋል፤ ወደ ደም የሚገባው በዚያ ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ካካዎን ከወተት ጋር መብላት በሞራ ብቻ ከመብላት ይሻላል፣ ሞራ ካልሲየም የለውምና። ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ ጠጠር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይንካው።

እኔ የምሠራው ግን ዱቄቱን ጨርሶ ትቼ ነው። የካካዎ ቅቤ አቀልጣለሁ። የወተት ዱቄት በለጋ ቅቤ፣ በለዘበ እሳት፣ እያማሰልኩ ወርቃማ ቡናማ እስኪሆን አቁላላዋለሁ። ሽታው ቤቱን ሲሞላ ወዲያው ማውረድ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ይመራል። ሁለቱን አዋሕጄ ጨው ነስነስ አድርጌ ፍሪጅ አስገባዋለሁ። ማር ሳይጨመር እንኳ የወተቱ ጣፋጭነት ይበቃዋል። ኦክሳሌቱም፣ እንደ ካፌይን የሚያነቃቃው ቴዎብሮሚኑም ከሞላ ጎደል ከዱቄቱ ጋር ነው የሚቀረው፤ ቅቤው ስብ ነው። ቫን ሃውተን የሚባለው ሆላንዳዊ ካካዎን ጨምቆ ስቡን የሚለይበትን ዘዴ በ1828 ካስመዘገበ ወዲህ ሁለቱን ለየብቻ ማግኘት አያስቸግርም።

ጮማ ወዳድ፦ ከዘር ተጨምቆ የወጣ ስብ። የዘር ዘይት ማለት እኮ ይኼው ነው፣ እህቴ። በር ዘግተን ያስወጣነውን በመስኮት እያስገባሽው ነው።

ነጭ ክሬም፦ የሱፍ ዘይትን ለምን እንደምንሸሸው ላስታውስህ። ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው የስብ ዓይነት ስለሚበዛበት ነው፤ በተለመደው የሱፍ ዘይት ከግማሽ በላዩ እሱ ነው። የካካዎ ቅቤ ውስጥ 3 በመቶ ገደማ ነው፣ ከበሬ ሞራ ጋር የሚቀራረብ። ሲሶው ደግሞ ስቴሪክ አሲድ የሚባለው ጠጣር ስብ ነው፤ በዚህ ከበሬ ሞራ ይበልጣል። የምንሸሸው ሊኖሌይክን ከሆነ የካካዎ ቅቤ ያልፋል። «ከዘር መጣ» የሚለው ብቻውን ከሆነ ምክንያታችን፣ ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ አስረዳኝ።

ጮማ ወዳድ፦ ስለ ካካዎ ቅቤው ሌላ ቀን እንነጋገራለን። እኔ የያዝኩት ዱቄቱንና «አይቆጠርም»ን ነው።

ጋሽ ሞራ፦ ልጆች፣ ስለ ሕጉ ተከራከሩ፤ እኔ ስለ ሞራው ልናገር። ያ አሠራር ሲበላ ደስ አይልም። የካካዎ ቅቤ በ34 ዲግሪ ግድም ይቀልጣል፣ አፍ ውስጥ እንደገባ ሟሙቶ ይጠፋል። የበሬ ሞራ ግን 40ን ካላለፈ ጥርት ብሎ አይቀልጥም። የአፍ ሙቀት አይበቃውምና ላንቃ ላይ እንደ ሻማ ይለጠፋል። የኩላሊት ሞራ ሲሆን ይብሳል፣ ከሁሉም ጠጣሩ እሱ ነው። ሞራውን በግማሽ ቀንሱና በለጋ ቅቤ ተኩት፤ ቅቤ ከካካዎ ቅቤ ጋር የሚቀራረብ መቅለጫ አለው። ከፍሪጅ ውጪ አይቆምላችሁም እንጂ አፍ ላይ ልስልስ ይላል።

የማር ጠብታ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ሳይቆጡ የሚያስተምሩ ሰው ነዎት። አንድ ልጠይቅዎ፤ ማሩን ስጨምር ካካዎው ይጓጉልብኛል፣ ስቡ ከላይ ይንሳፈፋል። ምን ላድርግ?

ጋሽ ሞራ፦ ማር ውስጥ ውኃ አለ፣ ከመቶ 17 ወይም 18 እጁ። ስብ ውስጥ ጥቂት ውኃ ሲገባ ካካዎው ይረጥብና እርስ በርሱ ይያያዛል፤ እሳት ብትጨምሪበት አይፈታም። እንግዲህ ወይ ማሩን ትተሽ ደረቅ ታደርጊዋለሽ፣ ወይ ፈሳሹን ታበዢዋለሽ። ሁለተኛው ይሻላል። ክሬም ጨምሪና ከአስኳሉና ከማሩ ጋር በፈላ ውኃ ላይ በተጣደ ሳህን እየመታሽ አሙቂው፤ ማንኪያው ጀርባ ላይ ሲሸፍን ደርሷል። ቴርሞሜትር ካለሽ 71 ዲግሪ ይድረስ፣ ጥሬ አስኳል ለሆድ አይታመንምና። ከዚያ ካካዎውን፣ በመጨረሻ የቀለጠውን ስብ በቀጭኑ እያንቆረቆርሽ፣ እጅሽ ሳያርፍ ምቺው። አስኳሉ ውስጥ ያለው ሌሲቲን ስቡንና ውኃውን ያስማማዋል። ፋብሪካዎቹም ሌሲቲን ነው የሚጨምሩት፣ አብዛኛውን ጊዜ የአኩሪ አተሩን። የሚወጣልሽ ለስላሳ ነው፣ ጠጣር ብሎክ አይሆንም።

የልጆች እናት፦ ስለ አሠራር ከተነሳ የእኔንም ልጨምር። የደረቀ የጉበት ዱቄት አስገባበታለሁ። በካካዎው ምክንያት ልጆቼ ጉበት መሆኑን አያውቁም፤ የፈለጉትን ያህል ይበላሉ። ጉበት ዓይኑን ማየት የማይፈልግ ልጅ በዚህ ይድናል። እናም ጮማ ወዳድ፣ ካካዎው ለእኔ ጉበቱን የሚያስገባልኝ ነው፤ ስድብ አይገባውም።

አስኳል፦ እህቴ፣ «የፈለጉትን ያህል» የምትለዋን አንሽልኝ፤ እለምንሻለሁ። 100 ግራም ጥሬ የበሬ ጉበት ወደ 5,000 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኤ አለው። ሲደርቅ ክብደቱ ወደ ሲሶ፣ ከዚያም በታች ይወርዳል፤ ቫይታሚኑ ግን በአብዛኛው እዚያው ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት፣ 3 ግራም ብለን ብንይዝ፣ ወደ 500 ማይክሮግራም ይጠጋል። ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ በቀን መታለፍ የሌለበት ጣሪያ 600 ነው፤ ከ4 እስከ 8 ዓመት 900። ለአዋቂ 3,000። ስብ ውስጥ የሚሟሟ ቫይታሚን ስለሆነ ትርፉ ቶሎ አይወጣም፣ ጉበት ውስጥ ይጠራቀማል። ማርም ካለበት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጨርሶ አይቅመሰው፣ የቦቱሊዝም (ሰውነትን የሚያሽመደምድ የባክቴሪያ መርዝ) አደጋ አለ።

የልጆች እናት፦ ልጆቼን እኔ ነኝ የማሳድገው። ከጉበት የታመመ ልጅ አሳየኝ። ከረሜላ ሲበሉ የኖሩት ናቸው የታመሙት።

አስኳል፦ ከረሜላ ስጪ አላልኩም። ጉበቱን ለክተሽ፣ በሳምንት የተወሰነ ቀን አድርጊው ነው የምልሽ። ልጁ ቸኮሌት መስሎት ሳህኑን ቢጨርስ አንቺ አጠገቡ ላትኖሪ ትችያለሽ። የቤተሰብ ጉዳይ ቢሆን ዝም እል ነበር፤ እዚህ ከተጻፈ ግን ሌላዋ እናት ታነበዋለች።

ጮማ ወዳድ፦ አያችሁ? ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚያው ነው። «ካካዎው አይቆጠርም»፣ «ጉበቱ አይቆጠርም»። ያልተቆጠረው ተጠራቅሞ ነው ሰው የሚጎዳው። ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት በ2022 መጨረሻ 28 ጥቁር ቸኮሌቶች አስመርምሮ በሁሉም ውስጥ ካድሚየምና እርሳስ የተባሉትን መርዛማ ብረቶች አግኝቷል፤ በ23ቱ በቀን 28 ግራም መብላት ብቻ ከሁለቱ ባንዱ እነሱ ከያዙት ገደብ ያሳልፋል። ካድሚየሙን ዛፉ በሥሩ ከአፈር ይስበዋል። እርሳሱ ዘሩ ሲሰጣ ከአቧራ ጋር ያርፍበታል። ሁለቱም ያሉት በጥቁሩ ክፍል ነው፤ የካካዎ መጠን በጨመረ ቁጥር ይጨምራሉ። ሞራ ይሸፍናቸዋል የሚል ካለ ይንገረኝ።

መቅኔ፦ ያ ምርመራ ስለ ጥቁር ቸኮሌት ነው፤ አብዛኛው አካሉ ካካዎ ስለሆነ። የእሷ ቁራሽ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም እያለችህ ነው! መጠን የሚባል ነገር ለአንተ የለም ማለት ነው? ጉበት ላይ «ለክተሽ ስጪ» ሲባል ደስ ብሎህ፣ ካካዎ ላይ መለካት ሲመጣ ሃይማኖት ይሆንብሃል።

ጮማ ወዳድ፦ መጠን አለ። መጠን ካለ ደግሞ ይቆጠራል ማለት ነው። እሷ ያለችው «ትንሽ ነው» አይደለም፣ «አይቆጠርም» ነው። ሁለቱን እስክትለዩልኝ አልለቅም።

ነጭ ክሬም፦ እዚህ ላይ ከእሱ ጋር ነኝ፣ ዘሩ ላይ ያለውን ባልቀበልም። ርዕሱ «ካካዎ ያለበት» ቢል ምን ይጎድላል?

የማር ጠብታ፦ የሚጎድለውማ አለ። እንዲህ እየተባለ ነው አዲስ ሰው የሚባረረው። ሥጋና እንቁላል ብቻ እየበላ ሁለት ሳምንት ይቆይና ጣፋጭ ሲያምረው ወደ ሱቁ ኬክ ይመለሳል። እኔ የማርና የቅቤ ነገር ሰጥቼ አቆየዋለሁ፤ እናንተ በር ላይ ቆማችሁ ትፈትሹታላችሁ። የዋልታ አሳሹ ስቴፋንሰን በ1928 ኒው ዮርክ ቤልቪው ሆስፒታል በሐኪሞች ክትትል ሥር ሥጋ ብቻ ሲበላ ምን ሆነ? ስብ የሌለው ቀይ ሥጋ ብቻ ሲሰጡት ታመመ፤ ስቡ ሲመለስለት ዳነ። የሚያኖረው ስብ ነው። የእኔ ቸኮሌት አብዛኛው ስብ ነው። ለሰውዬው የሚያስፈልገውን ነው የሰጠሁት።

ጮማ ወዳድ፦ ስቴፋንሰን ስቡን የበላው ከሥጋው ጋር ነው። ካካዎ ሲጨመርበት መሻሉን የጻፈ ሰው የለም።

የማር ጠብታ፦ መክፋቱንም የጻፈ የለም።

አስኳል፦ የቡድኑ አስተዳዳሪዎች፣ እባካችሁ የጉበት ዱቄቱን ነገር ከላይ ለጥፉት። ካካዎውን ቆይታችሁ ትጨርሱታላችሁ፤ የልጆቹ አይቆይም።

የልጆች እናት፦ ማንም ምንም አይለጥፍብኝም። ከፈለጋችሁ እኔ እወጣለሁ።

ጋሽ ሞራ፦ አንቺ ልጅ፣ የትም አትሄጂም። ልኬቱን ጻፊና ተቀመጪ።

መቅኔ፦ ጋሼ፣ ለስላሳው ፍሪጅ ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል? አስኳልና ክሬም ስላለበት ፈርቼ ነው።

ጋሽ ሞራ፦ ከሦስት አራት ቀን አታሳልፈው። ለመብላት ስታወጣውም ውጪ አታሳድረው። ከዚያ በላይ ከፈለግህ ፍሪዘር አስገባው፤ ሲወጣ ትንሽ ይሸረከታል እንጂ ጣዕሙ ያው ነው።

ጮማ ወዳድ፦ ጋሼ፣ እርስዎም ካካዎ ያስገባሉ?

ጋሽ ሞራ፦ አስገባለሁ። ስንት ማንኪያ እንደሆነም እቆጥራለሁ።

የማር ጠብታ፦ ጋሼ! እርስዎም ወደ እሱ ዞሩ?