ከሆድ ስብ የሚወጣ ስቴም ሴል ለጉልበት ሕመም፤ አሠራሩ እንዴት ነው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ የ68 ዓመት እናት ሲሆኑ ሜሪላንድ ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ሁለቱም ጉልበቶቻቸው በአርትራይተስ ተጎድተው ደረጃ መውጣትም ሆነ ቆሞ ማስቀደስ አቅቷቸዋል። ሰሞኑን አንድ የግል ክሊኒክ ከሆዳቸው ስብ መጥጦ፣ ስቴም ሴሉን (ራሱን እያራባ ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ የሚችለውን ሴል) ለይቶ፣ በዚያው ቀን ጉልበታቸው ላይ እንደሚወጋላቸው ነገረን። ለመሆኑ ስቴም ሴል ከስብ የሚለየው እንዴት ነው? በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚወጣውስ በእርግጥ ስቴም ሴል ብቻ ነው? በሙያው ያላችሁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1

የምሠራው በሴል ማሳደጊያ ላቦራቶሪ ስለሆነ ሥራውን በእጄ አውቀዋለሁ። የተመጠጠው ስብ በመጀመሪያ ደሙና ማደንዘዣው እስኪለቀው ድረስ በጨው ውሃ ደጋግሞ ይታጠባል። ቀጥሎ ኮላጅኔዝ የተባለ ኢንዛይም ይጨመርበትና በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት እየተወዛወዘ ይቆያል፤ ኢንዛይሙ ሴሎቹን አስተሳስሮ የያዘውን ኮላጅን የተባለ የፕሮቲን መረብ ስለሚበጣጥሰው፣ እንደ ገንፎ የወፈረው ስብ ቀስ በቀስ እየቀጠነ ይሄዳል። ከዚያም በሴንትሪፊውጅ ሲሽከረከር ቢጫው ዘይትና የስብ ሴሎች ከላይ ይንሳፈፋሉ፣ ፈሳሹ መካከል ላይ ይቀራል፣ ከቱቦው ሥር ደግሞ ቀላ ያለች ትንሽ ዝቃጭ ትታያለች። የምትፈለገው እርሷ ናት።

ክሊኒኩ ስቴም ሴል የሚለው ይህችን ዝቃጭ ከሆነ ግን ስያሜው ያሳስታል። በውስጧ የደም ሥር ግድግዳ ሴሎች፣ ቀይና ነጭ የደም ሴሎች፣ ሌሎችም ተደባልቀው ይገኛሉ፤ ስቴም ሴሎቹ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ናቸው። በአጥንት መቅኔ ውስጥ ግን ከአሥር ሺህ እስከ መቶ ሺህ ሴል አንድ ስቴም ሴል ብቻ ስለሚገኝ፣ የሎስ አንጀለስና የፒትስበርግ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 በስብ ውስጥ ስቴም ሴል መኖሩን ሲያሳውቁ የሳይንሱ ዓለም መደሰቱ ተገቢ ነበር። ስቴም ሴሉን ለብቻው ለማግኘት ግን ዝቃጩን በፕላስቲክ ሳህን ላይ ዘርቶ፣ ያልተጣበቀውን አጥቦ፣ የተጣበቀውን ለሳምንታት ማራባት፣ ከዚያም ሲዲ73፣ ሲዲ90 እና ሲዲ105 የተባሉትን የሴል ገጽ ምልክቶች መመርመርና ከጀርም ነጻ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

መልስ 2

የሕጉን ጉዳይ ልጨምርበት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ስብን በኢንዛይም ፈትቶ የሚወጣውን ሴል እንደ መድኃኒት ይቆጥረዋል፤ ለጉልበት አርትራይተስም የፈቀደው የለም። ክሊኒኮች የበሽተኛው የገዛ ሴል ነው ብለው ቢከራከሩም፣ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2021 በፍሎሪዳው፣ በ2024 ደግሞ በካሊፎርኒያው ክስ ለመሥሪያ ቤቱ ፈርደዋል። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ እ.ኤ.አ. በ2017 በሕክምና መጽሔት የወጣው ነው፤ ፍሎሪዳ ውስጥ ሦስት አረጋውያን ሴቶች ከስባቸው የወጣውን ሴል በአንድ ቀን ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ተወግተው ብርሃናቸውን እስከ ማጣት ደርሰዋል። ጉልበት እንደ ዓይን ባይሆንም፣ ንጽሕናው ያልተመረመረ ነገር መገጣጠሚያ ውስጥ ሲገባ ኢንፌክሽን ያሰጋል። ስለዚህ እኅቴ፣ ኢንዛይም ይጠቀሙ እንደሆነ፣ ሴሉን ይቆጥሩ እንደሆነና ከመሥሪያ ቤቱ የምርምር ፈቃድ እንዳላቸው በግልጽ ጠይቂያቸው።

መልስ 3

በወጉ የተመረተውም ቢሆን ውጤቱ የተረጋገጠ አይደለም። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2018 ክሮንስ በተባለው የአንጀት ሕመም ሳቢያ ለሚመጣ ፊስቱላ (ከአንጀት ወደ ቆዳ የሚከፈት ያልተለመደ ቀዳዳ) የተፈቀደው ከስብ የተራባ መድኃኒት በቆጠራ 120 ሚሊዮን ሴል የሚሰጥበት ነበር፤ በኋላ በተደረገ ትልቅ ጥናት ከማስመሰያው መድኃኒት የተሻለ ሆኖ ስላልተገኘ በ2024 መጨረሻ ከገበያ ወጥቷል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ደውዬ ሦስቱንም ጠየቅኋቸው። ኢንዛይም እንደሚጠቀሙ ነገሩኝ፤ ስለ ቆጠራውና ስለ ፈቃዱ ግን መልስ አልሰጡኝም። ቀጠሮውን ሰርዤዋለሁ፤ እናቴም ማክሰኞ ከአጥንት ሐኪማቸው ጋር ስለ ፊዚዮቴራፒ ይነጋገራሉ።