የዕቅድ ውይይት፦ የተለያየ የእጅ ጥልፍ ባንድ ጊዜ ስለ መያዝ ለጥልፍ ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦
እህቶች፣ ጋሼም እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ስብሰባ በእንጥልጥል የቀረውን ጉዳይ እዚህ እንቋጨው። ከፋሲካ በኋላ ለሚመጣው የሠርግ ወቅት የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ትእዛዝ ተቀብለናል። ለባዛር የክሮስ ስቲች (በመስቀለኛ ስፌት የሚሠራ ጥልፍ) የትራስ ልብስና የጠረጴዛ ጨርቅ ተጀምሯል። አሁን ደግሞ ነጭ በነጭ የሚሠራው፣ የጨርቁ ክር እየተቆረጠ ቀዳዳ የሚወጣለት የኖርዌዮቹ ጥልፍ፣ ሃርዳንገር፣ ተጨምሯል። በየቤታችን ከአንድ በላይ የተጀመረ ሥራ አለ። አንዲት አባል ባንድ ጊዜ ስንት ትያዝ? የእኔ መነሻ ሐሳብ ‹‹ከሁለት አይበልጥ›› ነው። ጻፉበት፣ ረቂቁን እያስተካከልኩ እሄዳለሁ።

አንጋፋ አባል (ጉለሌ)፦
እኛ ስንማር አንዱ ሳይጠናቀቅ ሌላው አይነካም ነበር፣ ዛሬም የማምነው ይህንኑ ነው። ጨርቅ ተጣጥፎ ሲከርም መታጠፊያው ላይ የማይለቅ መስመር ይይዛል፤ ነጭ ሸማ ደግሞ ይበልጡን ያሳብቃል። መወጠሪያው ውስጥ እንደተጣበቀ የሚተው ጨርቅማ ክብ ምልክቱ ከታጠበ በኋላም ይታያል። ልጆቼ፣ ሙሽራ የምትጠብቀው ያለቀ ቀሚስ ነው።

አባል (ሳሪስ)፦
እትዬ፣ ስለ ጨርቁ ያሉት እውነት ነው፣ ረቂቁ ውስጥ ይግባልን። በቁጥሩ ግን አልስማማም፣ ከጸሐፊዋም ጋር ቢሆን። መለካት ያለበት የሥራው ብዛት ሳይሆን ሥራው ከዓይንና ከእጅ የሚጠይቀው ነው።

ክሮስ ስቲች ቆጠራ ነው፤ የጨርቁ ካሬ እየተቆጠረ ይሰፋል። አይዳ የምንለው በካሬ በካሬ የተሸመነው የጥልፍ ጨርቅ ባለ 14 ሲሆን በአንድ ኢንች 14 ካሬ አለው። 140 ስፌት የሚሰፋ ንድፍ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይይዛል ማለት ነው፤ መሐል ላይ የተዘለለ አንድ ካሬ እስከ ዳር ድረስ ይከተላል። ሃርዳንገርም ቆጠራ ነው፣ ያውም የባሰ። በአራት የጨርቅ ክር ላይ አምስት ስፌት እየተደረደረ ይሄዳል፤ ትይዩ ጎኖቹ ካልተገጣጠሙ መቀስ ማስገባት አይቻልም፣ የተቆረጠ ክር ደግሞ አይመለስም። እነዚህን ሁለቱን ባንድ ሳምንት የሚያፈራርቅ ሰው የአንዱን ቆጠራ ወደ ሌላው ይዞ ይገባል።

የቀሚሱ የደረት መስቀል ጥልፍ ግን ንድፉ ሸማው ላይ ተሥሎ ያድራል። ሰንሰለት ስፌቱ መስመሩን ይዞ ይወርዳል፤ ቡና እየተፈላ፣ ጨዋታ እየተጫወቱ ይሠራል። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ፦ አንድ የሚቆጠርና አንድ የማይቆጠር አብረው ይያዙ፣ ሁለት የሚቆጠር ግን በፍጹም አይያዝ። መብራት በሄደ ማታ የሚቆጠረው ይቀመጣል፣ ሌላው ይቀጥላል። አንድ ብቻ የያዘችው ግን እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች።

አንጋፋ አባል (ጉለሌ)፦
ይሄኛው ይገባኛል። አንድ ነገር ልጨምርበት። አይዳ ጠንካራ ነው፣ ክሩን ሳብ ማድረግ ይችላል። ከአይዳ በቀጥታ ወደ ሸማ የሚሻገር እጅ ግን ሸማውን ይሰበስበዋል፤ ደረቱ ላይ የተኮማተረ መስቀል ደግሞ ተተኩሶም አይቃናም። ሥራ የሚቀያይር ሁሉ ከዚያው ሸማ የተቆረጠ ትንሽ ማሟሻ ጨርቅ ይያዝ። እጅ እስኪላላ እዚያ ላይ ጥቂት ይሰፋና ወደ ቀሚሱ ይኬዳል።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ ስለ ክር ነው የምለው። ዲኤምሲ የሚባለው የጥልፍ ክር አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ነው፣ ባለ ስድስት ፈትል። ባለ 14 አይዳ ላይ በሁለት ፈትል ስለምንሰፋ ከአንድ ጥቅል 24 ሜትር መስፊያ ይወጣል። ይህን አስልተን የአንድ ሥራ ክር ከመጀመሩ በፊት በሙሉ ባንድ ጊዜ ይገዛ። በኋላ የሚመጣው ጥቅል ቁጥሩ አንድ ቢሆንም የቀለም ነከራው ሊለይ ይችላል። ከአንዱ ሥራ ከረጢት ወደ ሌላው ክር መበደርም ይቅር፤ ሒሳቡም የሚዛባው በዚህ ነው። ቀይና ጥቁር ክር ሸማ ላይ ከመግባቱ በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ ተጭኖ ይሞከር። ከለቀቀ ቀሚሱ ሄደ ማለት ነው፣ ማኅበሩም ይከፍላል።

አባል (ሽሮ ሜዳ)፦
እኔ በስፌት መኪና እንደምጠልፍ ታውቃላችሁ። የቀሚሱን የታች ጥለትና የእጅጌውን ዳር ለእኔ ብትሰጡኝ ለሠርጉ ወቅት እንደርሳለን፣ የደረቱ መስቀል ብቻ በእጅ ይሁን። አንድ ግዴታ ግን አለኝ፦ የትኛው በእጅ፣ የትኛው በመኪና እንደተሠራ ደንበኛው ቀድሞ ይወቅ፣ ዋጋውም ለየብቻ ይጻፍ።

ሰብሳቢ፦
የጋሼ ሐሳብ ትልቅ ነው፣ ተቀብያለሁ። የቀን መቁጠሪያውንም አብረን እንወስን። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ሠርግ የለም፤ የደረት መስቀሎቹ እዚያ ውስጥ ይጠናቀቁ። ስንቆጥር ግን የሥራ ቀኑን ብቻ እንቁጠር። በሚካኤልና በማርያም ቀን መርፌ የማይነኩ አባሎች አሉን፤ ሙስሊም እህቶቻችንም በረመዳን ቀለል ያለ ድርሻ ይያዙ፣ ዒድ ሲያልፍ ያካክሱታል።

አባል (ፒያሳ)፦
አንድ ሥራ እንዲጨመር እለምናለሁ። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1868 ከመቅደላ ተወስዶ ዛሬ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ነው። ጥጥ ላይ በባለ ቀለም ሐር የተጠለፈ ነው። ፎቶውን እያየን የአንገቱን ዙሪያ እንኳ በማኅበር ብንሠራው፣ ለሽያጭ ሳይሆን ለመማሪያ፣ እጃችን ከየት እንደመጣ በዓይናችን እናያለን። ይህን ከልቤ ነው የምለው።

አባል (ሳሪስ)፦
እኔም እደግፋለሁ፣ ግን አሁን አይሁን። ክረምት ላይ፣ ትእዛዝ ሲቀንስ፣ በእጇ የሚቆጠር ሥራ የሌላት ትጀምረው።

ጸሐፊ፦
‹‹ከሁለት አይበልጥ›› የሚለውን አንስቼዋለሁ። ረቂቁ እንዲህ ሆኗል፦

‹‹አንዲት አባል አንድ የሚቆጠርና አንድ የማይቆጠር ሥራ ልትይዝ ትችላለች፤ ሁለት የሚቆጠር አይፈቀድም። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ከረጢት፣ መርፌ፣ ክርና ማሟሻ ጨርቅ ይኖረዋል። ከረጢቱ ውስጥ ካርድ ይቀመጣል፤ የፈትሉ ብዛት፣ የክሩ ቁጥርና የቆመበት መስመር ይጻፍበታል። ሥራ ሲቆም ጨርቁ ከመወጠሪያው ወጥቶ ይጠቀለላል እንጂ አይታጠፍም። የእጅና የመኪና ጥልፍ ለደንበኛ ተለይቶ ይነገራል። የእቴጌ ጥሩወርቅ አንገት በክረምት በማኅበር ይሠራል።››

አንጋፋ አባል (ጉለሌ)፦
አንድ ወር ሙሉ መርፌ ያልነካው የደንበኛ ሥራ ለሌላ አባል ይተላለፍ የሚል ይግባበት። ካርዱ ካለ ተቀባይዋ አትቸገርም።

ሰብሳቢ፦
የወለደችና የታመመች ቀድማ ካሳወቀች ሥራው እንዲጠብቃት አብሮ ይጻፍ።

ጸሐፊ፦
ሁለቱም ገብተዋል። ተቃውሞ ያላችሁ እስከ እሑድ ጻፉ፣ ሰኞ ታትሞ ለፊርማ ይቀርባል። ገንዘብ ያዣችን፣ የከረጢቶቹን ጨርቅ ዋጋ ከመርካቶ ጠይቂልን።