የጋራ የልገሳ ፕሮፖዛል ረቂቅ፦ ምን እንቀበላለን? ለማን እንሰጣለን? ማን ይፈርማል?

አስተባባሪ፦
ጤና ይስጥልኝ የአምስቱ ማኅበራት ተወካዮች። ለለጋሾች በጋራ የምናቀርበው ፕሮፖዛል የመጀመሪያ ረቂቅ ይኸው። ዓላማው ለ120 ችግረኛ ቤተሰቦች፣ በአንድ ቤት አምስት ሰው ታስቦ ለ600 ሰው፣ የሦስት ወር የንጽሕና ቁሳቁስ ማድረስ ነው። አንቀጽ 1፦ አምስቱ ማኅበራት የጋራ ቋት ያቋቁማሉ። አንቀጽ 2፦ ቋቱ ከማንኛውም ለጋሽ ገንዘብም ቁሳቁስም ይቀበላል። አንቀጽ 3፦ ተረጂዎችን የአካባቢው ሽማግሌዎችና የማኅበራቱ መሪዎች ይመርጣሉ። አንቀጽ 4፦ የተሰበሰበው ሁሉ፣ ያለ ምንም የአስተዳደር ወጪ፣ ለተረጂው ይደርሳል። እባካችሁ «ተስማምቻለሁ» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። የማትቀበሉትን ስትጠቅሱ በምትኩ የሚገባውን ቃል አብራችሁ ጻፉ።

ንብረት ክፍል፦
አንቀጽ 2 እንዳለ ከወጣ መጋዘኑ በማንፈልገው ዕቃ ይሞላል። ለጋሹ ከቤቱ የተረፈውን የሚያመጣው በቅን ልብ ነው። ነገር ግን ያልተለየ ልብስ የታጨቀበትን ከረጢት ከፍቶ በመጠን፣ በጾታና በዕድሜ መለየት፣ የተቀደደውን ማስወገድ፣ የቀረውን ማጠብ ሰውና ቦታ ይጠይቃል። ያ ጉልበት ለስርጭቱ የያዝነው ጉልበት ነው። ስለዚህ የምንቀበለውን በዝርዝር እንጻፍ፤ ከዝርዝሩ ውጭ የመጣውን በትሕትና እንመልስ።

ዝርዝሩን ለመሥራት «ስፌር» የተባለውን ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ ድጋፍ መመዘኛ ተጠቅሜያለሁ። ለአንድ ሰው በወር 250 ግራም የገላ ሳሙናና 200 ግራም የልብስ ሳሙና ይላል። ለ600 ሰው በወር 150 ኪሎና 120 ኪሎ፣ በድምሩ 270 ኪሎ ማለት ነው፤ ለሦስት ወር 810 ኪሎ። አንድ ቤተሰብ በወር 1,250 ግራም የገላና 1,000 ግራም የልብስ ሳሙና ይደርሰዋል። የገላው ባለ 125 ግራም ከሆነ 10 ፍሬ፣ የልብሱ ባለ 200 ግራም ከሆነ 5 ፍሬ። በፕሮፖዛሉ ላይ ፍሬውን ብቻ ሳይሆን ክብደቱንም እንጻፍ። «10 ሳሙና» ብለን ከጠየቅን አንዱ ለጋሽ ባለ 70 ግራም፣ ሌላው ባለ 125 ግራም ያመጣል፤ በስርጭቱ ቀንም ጎረቤትና ጎረቤት እየተያዩ ይቀያየማሉ።

ውኃ መያዣን በተመለከተ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 እስከ 20 ሊትር የሚይዙ ሁለት መያዣዎች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ መቅጃ፣ ሌላው ማስቀመጫ። ይኸም 240 ክዳን ያላቸው ጄሪካኖች ነው። ኬሚካል ወይም ነዳጅ ይዞ የነበረ ጄሪካን ቢታጠብም አንቀበልም ተብሎ ይጻፍልኝ፤ ፕላስቲኩ የያዘውን ነገር ስለሚመጥ በእጥበት ሙሉ በሙሉ አይለቅም።

መጋዘኑንም በአንድ መስመር ላስገባ። ዕቃው በፓሌት (ከሥሩ በሚነጠፍ የእንጨት ርብራብ) ላይ ሆኖ ከወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ ክምሩ ከ2.5 ሜትር አይበልጥም። ከግድግዳው የምናርቀው አየር እንዲዘዋወር፣ እርጥበት እንዳይተላለፍበትና ከኋላው አይጥ ቢገባ ለማየት እንድንችል ነው። ካርቶን ከልኩ በላይ ሲደራረብ የታችኛው ይጨፈለቃል።

ጤና ክፍል፦
የንብረት ክፍሉን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ሁለት ነገሮችን ደግሞ በስም ጠርተን እንከልክል።

አንደኛው መድኃኒት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ፣ መድኃኒቱ ተቀባዩ አገር ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት የአገልግሎት ጊዜ እንዲቀረው፣ ለታካሚ ተሰጥቶ የተመለሰ እንዳይሆንና መለያው የተቀባዩ የጤና ባለሙያ በሚረዳው ቋንቋ እንዲጻፍ ይጠይቃል። እኛ ይህን የሚመረምር ፋርማሲስትም ሆነ የሙቀት መጠን የሚቆጣጠር መጋዘን የለንም። ስለዚህ መድኃኒት ልስጥ የሚል ለጋሽ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይመራ። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት እጃችን ከገባ ማስወገዱ ራሱ ወጪ ነው፤ እንደ ተራ ቆሻሻ መጣል አይቻልም።

ሁለተኛው የሕፃናት ዱቄት ወተትና ጡጦ ነው። ንጹሕ ውኃ በማይገኝበት ቤት ዱቄት ወተት ተቅማጥ ያመጣል። የምታጠባ እናት በነፃ ስለተሰጣት ብቻ ስትጀምረው የራሷ ወተት ይቀንሳል፤ እርዳታው ሲያልቅ ሕፃኑ ሁለቱንም ያጣል። ማጥባት የማትችል እናት ካለች በጤና ባለሙያ ክትትል ለብቻ ትታይ እንጂ በጅምላ ስርጭት አይሁን።

ሒሳብ ሹም፦
አንቀጽ 4ን እንዳለ ልፈርምበት አልችልም። 810 ኪሎ ሳሙናና 240 ጄሪካን ያለ መኪና አይንቀሳቀስም፣ ያለ መጋዘን አያድርም፣ ያለ ኦዲተርም አይታመንም። «የአስተዳደር ወጪ የለም» ብለን ብንጽፍ ወጪው አይጠፋም። ከሳሙናው መስመር ተነሥቶ ይከፈላል፤ ያ ደግሞ ለሳሙና የተሰጠ ገንዘብን ለሌላ ማዋል ስለሆነ በኦዲት ግኝት ይሆንብናል። የማጓጓዣ፣ የመጋዘን፣ የባንክ አገልግሎትና የኦዲት ወጪ የየራሳቸው መስመር ይኑራቸው፤ ለጋሹም አይቶ ይፍረድ።

የጋራ ወጪው በአምስቱ ማኅበራት መካከል በእኩል ይከፈል የሚል ሐሳብ ሰምቻለሁ። ሲሰላ ይቀላል፤ ግን 15 ቤተሰብ የያዘው ማኅበር 40 ቤተሰብ የያዘውን ይደጉማል። መኪናው በኪሎ ሜትር መዝገቡ፣ መጋዘኑ በያዙት ካሬ ሜትር፣ የሒሳብ ሠራተኛው በሠራበት ሰዓት ይከፋፈል።

ቃል የተገባውን ገንዘብ ባንክ እስኪገባ ድረስ በበጀቱ ላይ እንደ ገቢ አልቆጥረውም። ለ120ውም ቤተሰብ የአንድ ወር ሙሉ ድጋፍ የሚበቃ ገንዘብ ሒሳቡ ውስጥ ካልገባ ግዢ አይጀመር። በግማሽ ገንዘብ ለ60 ቤተሰብ ጀምረን ቀሪውን «ጠብቁ» ብንል፣ የቀሩት ሆን ብለን የዘለልናቸው ይመስላቸዋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙርም በዚሁ ደንብ ይሂዱ።

ቁጥጥሩ ባጭሩ፦ ከሁለት የተለያዩ ማኅበራት የመጡ ሁለት ፈራሚዎች፤ ተከታታይ ቁጥር የታተመበት ደረሰኝ፤ የተበላሸ ደረሰኝ ሳይቀደድ «ተሰርዟል» ተብሎበት በጥራዙ ውስጥ የሚቀር፤ በየወሩ መጨረሻ ከባንክ መግለጫ ጋር ማስታረቅ፤ ግዢ ያዘዘ ሰው ዕቃውን አይረከብም፣ የተረከበውም ክፍያ አያጸድቅም። በአነስተኛ ማኅበራት ገንዘብ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ሦስት ሥራዎች «እሱ ታማኝ ነው» ተብሎ በአንድ ሰው እጅ ሲገቡ ነው።

ገቢ ማሰባሰቢያ፦
ሒሳብ ሹማችን ትክክል ናቸው። እንግዲያው ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እናስላ። ጥሪውን ለሁሉም እኩል ብናሰማ ትንሽ ትንሽ ይሰበሰብና ግቡ ላይ ሳንደርስ ጉልበታችን ያልቃል። ግቡን 100 ብንለው፣ አንድ ለጋሽ 20፣ ሁለት ለጋሾች 10 10፣ አራት ለጋሾች 5 5፣ አሥር ለጋሾች 2 2 ቢሰጡ 17 ሰዎች 80 ይሸፍናሉ። ቀሪው 20 ከሰፊው ሕዝብ ይምጣ። አንድ «እሺ» ለማግኘት ቢያንስ ሦስት ሰው መጠየቅ ስላለበት 51 ስም እንፈልጋለን፤ እያንዳንዱ ማኅበር 10 ወይም 11 ስም ያምጣ።

ቅደም ተከተሉ ዋና ነገር ነው። በመጀመሪያ የአምስቱ ማኅበራት የሥራ አመራር አባላት በሙሉ፣ እንደ አቅማቸው፣ ይስጡ። «እናንተስ ሰጣችሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከየትኛውም ትልቅ ለጋሽ ይመጣል፤ መልሱ «አዎ፣ ሁላችንም» መሆን አለበት። ከዚያ 17ቱ በግንባር ይጠየቁ። ከግቡ ከግማሽ በላይ ሲሞላ ብቻ ለሕዝብ ይነገር፤ ሰው የሚጠናቀቅ ሥራ ላይ መጨመር ይወዳልና።

ከትልቁ ለጋሽ የሚገኘውን 20 እጅ እንደ አቻ መዋጮ እንጠቀምበት፤ ሕዝቡ በሰጠ ቁጥር እሱ ያንኑ ያህል ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ዲን ካርላንና ጆን ሊስት ከ50,000 በላይ ለሆኑ የቀድሞ ለጋሾች በተላከ ደብዳቤ ላይ ያሳተሙት ጥናት፣ አቻ መዋጮ መኖሩ ሲገለጽ የመስጠት ዕድል በ22 በመቶ፣ ከአንድ ደብዳቤ የሚገኘው ገቢም በ19 በመቶ መጨመሩን አሳይቷል። ሕዝቡ ለሰጠው አንድ ብር ለጋሹ ሁለት ወይም ሦስት እንዲሰጥ ማድረጉ ግን ከአንድ ለአንዱ የተለየ ጭማሪ አላመጣም። ስለዚህ ለጋሹን «እጥፍ ድርብ አድርግልን» ብለን አናስቸግረው።

የሽማግሌዎች ተወካይ፦
ልጆቼ፣ አንቀጽ 3ን ስትጽፉ ስላከበራችሁን እግዜር ይስጥልን። ነገር ግን ሸክሙን በእኛ ላይ ብቻ አትጣሉት። ሽማግሌ የሚያውቀው ደጁ የሚመጣውን፣ በለቅሶና በሠርግ የሚያገኘውን ሰው ነው። ችግሩን ደብቆ ቤቱ የተቀመጠ፣ አዲስ ገብቶ ዘመድ የሌለው፣ አልጋ ላይ የዋለ ሕመምተኛ ከእኛ ዓይን ያመልጣል። ደግሞም ከጎረቤት ጋር ነው የምንኖረው፤ «እገሌን ትተህ እገሌን ጻፍክ» ተብሎ ዕድሜ ልክ መወቀስ ሽምግልናውን ያሳጣዋል። እኛ እንጠቁም፣ ቤቱን እናሳይ፣ ለቤተሰቡም እናስረዳ፤ ውሳኔው ግን በተጻፈ መስፈርት ይሁን።

ክትትል ክፍል፦
አባታችን ባሉት መሠረት የምርጫውን አካሄድ ልጻፍ። ሦስት ጠቋሚዎች፣ ማለትም ሽማግሌዎች፣ የሴቶች ማኅበሩና የጤና ሠራተኞች፣ ሳይመካከሩ ለየብቻ ዝርዝር ያቅርቡ። በሁለት ወይም በሦስት ዝርዝር የተገኘ ቤተሰብ ቅድሚያ ይጎበኛል። በአንዱ ብቻ የተገኘውም አይጣልም፤ የተደበቀው ችግረኛ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። ጉብኝቱ በአንድ ገጽ ቅጽ ይሁን፦ የቤተሰቡ ብዛት፣ ሥራ የሚሠራ ሰው መኖሩ፣ ሕመምተኛ ወይም አካል ጉዳተኛ፣ የውኃው ርቀት፣ ከሌላ ወገን የሚያገኘው ድጋፍ።

ዝርዝሩ ከጸደቀ በኋላ 12 ቤተሰብ፣ ማለትም ከ120ው 10 በመቶ፣ በዕጣ ወጥቶ ከሌላ ማኅበር በመጣ ሰው እንደገና ይጎብኝ። መስፈርቱን የማያሟላ አንድ ከተገኘ ምክንያቱ ይጣራ፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ከተገኙ የጠቆማቸው ወገን ዝርዝር በሙሉ ይታይ።

መስፈርቱ በአደባባይ ይለጠፍ፤ የተረጂዎች ስም ግን አይለጠፍ። ቅሬታ የሚቀበለውም ከመራጮቹ ውጭ የሆነ ሰው ይሁን፤ በሰባት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይመልስ። ፎቶ ከማንሳት በፊት ፈቃድ ይጠየቅ፤ ፈቃዱም ዕቃው ከተሰጠ በኋላ ይጠየቅ፤ ሳሙናውን ሳይቀበል የተጠየቀ ሰው «አይሆንም» ለማለት ነፃነት የለውም።

ሕግ ክፍል፦
የጎደለው ገንዘቡ ቢተርፍ ወይም ዓላማው ቢያልቅ ምን እንደሚሆን ነው። የዛሬ ማኅበረሰብ ፋውንዴሽኖች፣ ማለትም ከብዙ ለጋሾች የተሰበሰበን ገንዘብ ለአንድ አካባቢ ጥቅም የሚያውሉ ተቋማት፣ የተነሡት ከዚህ ችግር ነው። የባንክ ሰው የነበረው ፍሬድሪክ ጎፍ እ.ኤ.አ. በ1914 በአሜሪካ የክሊቭላንድ ፋውንዴሽንን ሲመሠርት ያሳሰበው፣ ሟቾች ለጠባብ ዓላማ የተናዘዙት ገንዘብ ዘመኑ ሲለወጥ ለማንም ሳይጠቅም ታስሮ መቅረቱ ነበር። መፍትሔው የማኅበረሰቡ ቦርድ ለቀረበ ዓላማ እንዲያውለው ሥልጣን መስጠት ነበር። እኛም በደረሰኙ ጀርባ ይህን እናትም፦ «የተሰጠበት ዓላማ ከተሟላ ወይም ሊፈጸም ካልቻለ፣ ኮሚቴው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለጋሹ ካሰበው ጋር ለተቀራረበ ዓላማ ሊያውለው ይችላል፤ ለጋሹም በ30 ቀን ውስጥ እንዲያውቀው ይደረጋል።» ይህ ከመቀበላችን በፊት መታወቅ አለበት፤ በኋላ ለማስገባት እያንዳንዱን ለጋሽ ፈልጎ ማስፈረም ይጠይቃል።

የጥቅም ግጭት አንቀጽም ይግባ። ዘመዱ በተረጂነት የቀረበበት ወይም ዕቃ አቅራቢ የሆነበት አባል አስቀድሞ ያሳውቃል፣ በውይይቱና በድምፁ ጊዜ ከስብሰባው ይወጣል፣ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል።

አስተባባሪ፦
የተስማማንበትን አስገብቼ አንቀጽ 2ን እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ «ቋቱ በቅድሚያ ገንዘብ፣ ቀጥሎም በአባሪ 1 የተዘረዘሩትን ቁሳቁሶች በተገለጸው ክብደትና ዓይነት ይቀበላል። መድኃኒት፣ የሕፃናት ዱቄት ወተትና ጡጦ፣ ያገለገለ ልብስና ኬሚካል ወይም ነዳጅ ይዞ የነበረ መያዣ አይቀበልም።» አንቀጽ 3 በክትትል ክፍል፣ አንቀጽ 4 በሒሳብ ሹም ጽሑፍ ተተክተዋል፤ አዲስ አንቀጽ 5 የሕግ ክፍሉ ነው። ያልተቋጨው የመኪናው ጉዳይ ነው፤ ሁለት ማኅበራት በዓይነት እንሰጣለን ብለዋል፣ ነዳጁንና የሾፌሩን አበል ማን እንደሚሸፍን ግን አልጻፉም። ሁለታችሁም እስከ ዓርብ በጽሑፍ አሳውቁኝ፤ ካልደረሰኝ የማጓጓዣው መስመር በኪራይ ዋጋ ተሞልቶ ሰኞ ለፊርማ ይቀርባል።