«ሜምፊስ ቤል» በተባለው ፊልም አብራሪው ወደ ዒላማው እንደ ገና መዞሩ እውነት ሊሆን ይችላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን «ሜምፊስ ቤል» የተሰኘ የጦርነት ፊልም ሰሞኑን ተመለከትሁ። ፊልሙ በ1943 ከእንግሊዝ ተነሥቶ በጀርመን ብሬመን የሚገኝ የአውሮፕላን ፋብሪካን ሊደበድብ ስለሄደ ቢ-17 ቦምብ ጣይና ስለ ዐሥሩ የበረራ አባላት ነው። ጭስ ፋብሪካውን በሸፈነው ጊዜ አብራሪው በአቅራቢያው ትምህርት ቤት ስላለ በጭፍን አንጥልም ይልና የሚከተሉትን አውሮፕላኖች ሁሉ ይዞ ከጸረ-አውሮፕላን መድፎቹ በላይ ሁለተኛ ይመላለሳል። ትዕይንቱ ልቤን በእጅጉ ነክቶታል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ውሳኔ በአንድ አብራሪ እጅ ነበርን? ድርጊቱስ ተፈጽሟል?

ምላሽ 1፦
ውድ ጠያቂ፣ አውሮፕላኑ በእርግጥ ነበረ፤ በፊልሙ የተተረከው በረራ ግን ልብ ወለድ ነው፤ የአባላቱ ስሞችም የፈጠራ ናቸው። የእውነተኛው ሜምፊስ ቤል አብራሪ ሮበርት ሞርጋን ይመራው የነበረው ቡድን 25ኛውንና የመጨረሻውን ግዳጅ የፈጸመው ግንቦት 9 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ ማለትም ሜይ 17 ቀን 1943 ሲሆን፣ የሄደውም ወደ ብሬመን ሳይሆን በፈረንሳይ ጠረፍ ሎሪየን ወደሚገኘው የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ሰፈር ነበር። 25 ግዳጅ በመጨረስም «ሄልስ ኤንጅልስ» የተባለው ቢ-17 በጥቂት ቀናት ቀድሟቸዋል። ፊልሙ በብዙ ቡድኖች ላይ የደረሰውን መከራ ሰብስቦ በአንድ ቀን በረራ ላይ እንደ ጫነው ብንረዳ የተሻለ ይመስለኛል።

ምላሽ 2፦
ስለ መዞሩ ልጨምር። ወደ ዒላማው የመጨረሻ ጉዞ ሲጀመር ቦምብ አነጣጣሪው ኖርደን በተባለው የቦምብ ማነጣጠሪያ መሣሪያ አማካይነት አውሮፕላኑን ራሱ ይመራ ነበር፤ በእነዚያ ደቂቃዎች አቅጣጫንም ሆነ ከፍታን መለወጥ ስለማይቻል መድፈኞቹ በቀላሉ ያልሙባቸዋል። የኋለኞቹ አውሮፕላኖች ደግሞ መሪው ሲጥል አይተው ይጥላሉ። ስለዚህ ውሳኔው የመሪው አውሮፕላን ነበር፤ በፊልሙም ከፊት የነበሩት ተመትተው ከወደቁ በኋላ ሜምፊስ ቤል መሪ መሆኑ ይህን በትክክል ያሳያል። ዒላማው ባለመታየቱ ሁለተኛ የዞሩ ቡድኖች በታሪክ አሉ፤ ሆኖም መድፈኞቹ ከፍታቸውን አስቀድመው ስለሚያውቁ የሚከፈለው ዋጋ እጅግ ከባድ ነበር።

ምላሽ 3፦
ከላይ የተጻፈውን እቀበላለሁ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ትምህርት ቤቱ ነው። ፊልሙ የአንድ ሰው ሕሊና ንጹሓንን ሊያድን እንደሚችል አድርጎ ያቀርባል፤ እውነቱ ግን ከሰባት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ የተጣለ ቦምብ ጥርት ባለ ቀን እንኳ ከዒላማው ርቆ ይበተን ነበር። ከ1943 መጨረሻ ጀምሮም የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ከደመና በላይ ሆነው በራዳር እየተመሩ ከተሞችን ደብድበዋል። አብራሪዎቹ ርኅራኄ አልነበራቸውም ማለቴ አይደለም፤ ርኅራኄያቸው ቦምቡ የሚወድቅበትን ቦታ የመወሰን አቅም አልነበረውም ማለቴ ነው፤ ይህንንም ፊልሙ በድፍረት ሊነግረን ይገባ ነበር።

በሌላ በኩል፣ ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር በተንጠለጠለው ክብ ክፍል ውስጥ ተኮራምቶ የሚተኩሰውን ወታደር፣ ውርጩንና በኦክስጅን ጭምብል መተንፈስን በጥሩ ሁኔታ አሳይቷል። ጠያቂው ዊሊያም ዋይለር ስለ እውነተኛው ሜምፊስ ቤል ያዘጋጀውን የ1944 ዘጋቢ ፊልም ቢመለከቱ ደስ ይለኛል። ዋይለር ራሱ ከቦምብ ጣዮቹ ጋር እየበረረ ቀርጿል፤ ከቀረጻ ባልደረቦቹ አንዱ የተሳፈረበት አውሮፕላን ተመትቶ ሞቷል። የ1990ውን ፊልም ካዘጋጁት አንዷም ልጁ ካትሪን ዋይለር ናት።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዘጋቢ ፊልሙን ፈልጌ አያለሁ፤ በተለይ ቦምቦቹ ሲወድቁ መሬቱን እንዴት እንደሚያሳይ ማየት እፈልጋለሁ።