ሙኒክ ሆኖ ቅዳሜና እሁድን በጉዞና በቴአትር ማሳለፍ፦ ከጅማ ለምትሄድ ምን ትመክራላችሁ?

ሂርማታ_መርካቶ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሙኒክ ለ10 ወር ትምህርት ልሄድ ነው። ቪዛው ወጥቷል፣ የምበረው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍል ስላለ ነጻ የምሆነው ከዓርብ ማታ እስከ እሁድ ማታ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ቅርብ ያሉ ከተሞችን ማየት፣ ቴአትርና ኦፔራም መግባት እፈልጋለሁ። ጀርመንኛዬ ገና ጀማሪ ነው፤ ገንዘቤም የስኮላርሺፕ ነው።

በጀርመን ቪዛ ኦስትሪያና ቼክ መሻገር ይቻላል? በርካሽ የሚኬደው በምንድን ነው? ተማሪ የቴአትር ትኬት እንዴት ያገኛል? ቋንቋውን ሳላውቅስ ምን ልይ? ብቻዬን የምጓዝ ሴት ስለሆንኩ የማደሪያውንም ነገር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የጂሬን_ልጅ

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። መጀመሪያ ወረቀቱን እንጨርስ፣ ሌላው ሁሉ በሱ ላይ ነው የሚቆመው።

ቪዛሽ ረጅም ጊዜ የሚያስቆየው «ዲ» ዓይነት ከሆነ፣ በኋላም የመኖሪያ ካርድ ሲሰጥሽ፣ በሌሎቹ የሸንገን አገሮች ውስጥ በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ትችያለሽ። የገባሽበትም የወጣሽበትም ቀን ይቆጠራል። ዓርብ ማታ ወጥተሽ እሁድ ብትመለሺ 3 ቀን ነው፤ በ26 ሳምንት ሳታቋርጪ በየሳምንቱ ብትሄጂ እንኳ 78 ቀን ነው የሚሆነው። ስለዚህ ለቅዳሜና እሁድ ጉዞ ገደቡ አያሳስብም። ኦስትሪያና ቼክ፣ ከእ.ኤ.አ. 2023 ጀምሮ ክሮኤሺያ፣ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ሮማኒያና ቡልጋሪያም በዚህ ውስጥ ናቸው። ለንደን፣ ደብሊን፣ ቤልግሬድና ኢስታንቡል ግን አይደሉም። እዚያ ለመሄድ የየአገሩን ቪዛ ትጠይቂያለሽ፤ ያንቺ ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ መመለሻው ላይ ትቸገሪያለሽ። ቪዛው ላይ የመግቢያ ብዛት የተጻፈበትን ቦታ አሁኑኑ ተመልከቺ።

ሰው የሚያዝበት ክፍተት አንድ ነው፦ ቪዛው አልቆ የመኖሪያ ካርዱ ሳይደርስ ሲቀር። በመሃል የሚሰጠው ጊዜያዊ ወረቀት ሁልጊዜ ድንበር አያሻግርም፤ ወረቀቱ ላይ የትኛው ሳጥን ምልክት እንደተደረገበት ይወስነዋል። የውጭ ዜጎች ቢሮን በኢሜይል ጠይቂና መልሱ በጽሑፍ እስኪመጣ ጀርመን ውስጥ ተጓዢ።

ጀርመን ከእ.ኤ.አ. መስከረም 2024 ወዲህ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ላይ ቁጥጥር ጀምራለች። ከሳልዝበርግ ስትመለሺ ፖሊስ ባቡሩ ላይ ወጥቶ ሊጠይቅሽ ይችላል። ፓስፖርትና ካርድ፣ ሁለቱም ዋናቸው በእጅሽ ይኑር። የስልክ ፎቶ አይበቃም።

ትኬት ላይ ስም ስትሞዪ ደግሞ ከፓስፖርቱ ፎቶ ገጽ ግርጌ ያሉትን ሁለት መስመሮች ተከተዪ። ከአገሩ ምልክት ቀጥሎ፣ ከድርብ ቀስቱ (<<) በፊት ያለው እንደ ቤተሰብ ስም የሚቆጠረው ነው፤ ከቀስቱ በኋላ ያለው የራስ ስም ነው። የእኛ የሦስት ስም አጻጻፍ በአውሮፕላን ትኬት ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘበራረቀው እዚህ ጋ ነው።

አዌቱ_ዳር

ስለ መጓጓዣው እኔ ልጨምር።

ዶይቸላንድቲኬት የሚባለውን የወር ትኬት ያዢ። ከእ.ኤ.አ. ጥር 2026 ጀምሮ በወር 63 ዩሮ ነው፤ ሙኒክ ባለችበት ክልል፣ በባቫሪያ፣ ለተማሪ ቅናሽ ያለው ዓይነት ስላለ ዩኒቨርሲቲሽን ሳትጠይቂ ሙሉውን እንዳትገዢ። የከተማ አውቶቡስ፣ ትራምና ምድር ውስጥ ባቡር፣ እንዲሁም በመላው ጀርመን ያሉትን የክልል ባቡሮች ሁሉ ያስሄዳል። አር ኢ፣ አር ቢ፣ ኤስ ወይም ቢ አር ቢ የሚል ባቡር ይሆናል። አይ ሲ ኢ፣ አይ ሲ፣ ኢ ሲ ወይም ሬይልጄት የሚባሉት ፈጣን ባቡሮች ከሆኑ አይሆንም፤ ተሳፍረሽ ከተገኘሽ ትኬት እንደሌለሽ ነው የምትቆጠሪው፣ ቅጣቱም ቢያንስ 60 ዩሮ ነው። ትኬቱ ስልክ ላይ ስለሆነ ባትሪ ሲያልቅም ያው ነው፤ ፓወር ባንክ ያዢ። በየወሩ ራሱን እያደሰ ይቀጥላል፤ ለማቆም እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ድረስ ማሳወቅ አለብሽ፣ 11ኛው ቀን ላይ ከነገርሻቸው የሚቀጥለውንም ወር ትከፍያለሽ።

ይህ ትኬት በክልል ባቡር እስከ ሳልዝበርግ ዋና ጣቢያ ድረስ ያደርሳል፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ተጨማሪ ክፍያ የለም። ለመጀመሪያ ጉዞ ከዚህ የሚሻል አላውቅም። አውግስቡርግ (ጸሐፌ ተውኔቱ ብሬሽት በ1898 የተወለደባት ከተማ፣ ቤቱ ሙዚየም ነው)፣ ኑረንበርግና ሬገንስቡርግም ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ያልቃሉ። ከሙኒክ ወደ ተራሮቹ የሚሄዱ አንዳንድ ባቡሮች ግን መንገድ ላይ ይከፈላሉ፦ ሆልትስኪርሸን ላይ የፊቱ ወደ አንድ ቦታ፣ የኋላው ወደ ሌላ። ከመሳፈርሽ በፊት የፉርጎውን ሰሌዳ አንብቢ።

ቪየና ከጅማ አዲስ አበባ ካለው ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ነው፣ በፈጣን ባቡር 4 ሰዓት ገደማ። ቀደም ብለሽ ስትገዢ የሚገኘው ርካሽ ትኬት ለአንድ ባቡር ብቻ የሚሠራ ነው፣ ገንዘቡም አይመለስም። ሁለት ለየብቻ የተገዙ ትኬቶችን ስታገናኚ ደግሞ ተጠንቀቂ፦ በወር ትኬትሽ የመጣሽበት የክልል ባቡር ዘግይቶ ፈጣኑ ቢያመልጥሽ ማንም አይክስሽም፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ትርፍ ተይ። ትኬቱ አንድ ወጥ ሆኖ መድረሻሽ ላይ 60 ደቂቃ ከዘገየሽ ግን የዋጋው 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃ ከሆነ 50 በመቶ ይመለስልሻል። ጥያቄው የሚቀርበው በ3 ወር ውስጥ ነው።

ሰዓቱን ከአሁኑ ልመጂ። ከ18 በላይ ከሆነ 18 ቀንሺ፦ 19፡30 ማለት ከምሽቱ 1፡30 ነው። አደገኛው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው። «ቅዳሜ 00፡15» የሚል አውቶቡስ በእኛ አነጋገር ዓርብ ሌሊት 6፡15 ነው፤ ቅዳሜ ማታ ጣቢያ ብትሄጂ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። በጥቅምትና በመጋቢት (በፈረንጅ) የመጨረሻ እሁዶች ደግሞ ሰዓት ይቀየራል።

ፈረንጅ_አራዳ

ስለ ቴአትሩ። ዋናው ምክሬ፦ መጀመሪያ መድረኩን ምረጪ፣ ባቡሩን ከዚያ በኋላ። ብዙ ሰው ከተማ ይመርጥና እዚያ ሲደርስ ምሽቱ ላይ የሚታየው አንድም በማይገባው ቋንቋ የተሠራ ተውኔት ይሆናል፣ አንድም ትኬቱ ያለቀ።

ለጀማሪ ጀርመንኛ ኦፔራ ይቀላል፤ ከመድረኩ በላይ ትርጉም ጽሑፍ ይታያል፣ በባቫሪያ መንግሥት ኦፔራ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ። ተውኔት ከፈለግሽ የሙኒክ ካመርሽፒለ ቴአትር ብዙ ምሽት የእንግሊዝኛ ትርጉም ጽሑፍ ያሳያል፤ የትኛው ምሽት እንደሆነ መርሐ ግብሩ ላይ ከቀኑ ጎን ይጻፋል። የማይጻፍበት ምሽት የለውም ማለት ነው፣ ያው ተውኔት ቢሆንም። ቃል የማይበዛበትም አለ፦ ሳልዝበርግ ውስጥ ከ1913 ጀምሮ ያለው የአሻንጉሊት ቴአትር፣ ፕራግ ውስጥ ደግሞ በእንቅስቃሴና በምስል የሚሠራው ላተርና ማጊካ። ፕራግ ከደረስሽ ሞዛርት ዶን ጆቫኒን በ1787 ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረበበት የስታቮቭስኬ ቴአትር ዛሬም ኦፔራ ያሳያል። ግን መንገዱ ከ5 ሰዓት በላይ ነው፣ ሁለት ሌሊት ስጪው።

ርካሽ ቦታ ሲባል ሦስት ነገር ለዪ። አንደኛው የመቆሚያ ቦታ ነው፣ ሽቴፕላትስ ይሉታል። በቪየና መንግሥት ኦፔራ (በ1869 የተከፈተው ነው) በዕለቱ ይሸጣል፤ ከቻልሽ ከታች፣ ከመድረኩ ፊት ለፊት ያለውን ያዢ። ቦታሽን ከያዝሽ በኋላ ነጠላም ሆነ ስካርፍ ብረቱ ላይ አስረሽ መውጣት ትችያለሽ፣ ያገሩ ልማድ ነው፣ ማንም አይነካብሽም። ትርጉሙም በትንሽ ስክሪን ፊትሽ ላይ አለ። ሦስት ሰዓት መቆም ስለሆነ ጫማሽ ዝቅ ያለ ይሁን። ሁለተኛው በመጨረሻ ሰዓት ለተማሪ የሚሸጠው ትርፍ ወንበር ነው፤ ምሽት ላይ አበንድካሴ ከሚባለው መስኮት ይገዛል፣ የተማሪ መታወቂያ ይጠየቃል፣ ብዙ ቦታ የዕድሜ ገደብም አለው። ሦስተኛው «ማየት የተገደበበት» ወንበር ነው። አንዳንዱ ትንሽ ጥግ ብቻ ይሸፍንብሻል፤ አንዳንዱ ግን ለማዳመጥ ብቻ የተሠራ ነው፣ መድረኩ ጨርሶ አይታይም። ከመክፈልሽ በፊት የወንበሩን መግለጫ አንብቢ። ከሰገነት ሥር የኋላ ረድፍም ተጠንቀቂ፣ ትርጉም ጽሑፉን የሰገነቱ ጠርዝ ይከልለዋል።

በዕለቱ 30 ደቂቃ ቀድመሽ ድረሺ። ካፖርትና ቦርሳ ጋርደሮበ በሚባለው የዕቃ ማስቀመጫ ይቀመጣል፤ የሚያስከፍሉ ስላሉ ሳንቲም ያዢ። የጉዞ ሻንጣ ጣቢያው ሎከር ውስጥ ይቅር። በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚያስገቡሽ በእረፍት ሰዓት ነው፤ መርሐ ግብሩ «ካይነ ፓውዘ» ካለ ደግሞ እረፍት ስለሌለ ትኬቱ ተቃጠለ ማለት ነው። አለባበስ አያስጨንቅሽ፣ ንጹሕ ልብስ ይበቃል፤ የሐበሻ ቀሚስ ብትለብሺ ደግሞ ከማንም አታንሺም።

ነሐሴ ላይ ትልልቆቹ ቤቶች ዝግ ናቸው። የሳልዝበርግ ፌስቲቫል (ከ1920 ጀምሮ አለ) በዚያው ሰሞን ስለሆነ ከተማዋ ውስጥ ማደሪያም በጣም ይወደዳል።

ቦሳ_አዲስ

ማደሪያ፦ ሆስቴል ስትይዢ «የሴቶች ብቻ ክፍል» የሚለውን ምረጪ፣ መቀበያው 24 ሰዓት ክፍት መሆኑንም አረጋግጪ። ቴአትር ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ስለሚያልቅ፣ መቀበያው ከተዘጋ በር ላይ ትቀሪያለሽ። ከቴአትሩ በፊት ሄደሽ ቁልፍ ተቀበዪ። ለሎከሩ የራስሽን ቁልፍ ውሰጂ። እሁድ ሱቅ ዝግ ነው፣ ዳቦና ውኃ ቅዳሜ ግዢ። ሐላል ከፈለግሽ ከሙኒክ ዋና ጣቢያ በስተደቡብ ያሉት መንገዶች የቱርክና የአረብ ምግብ ቤቶች ሞልቶባቸዋል፤ ለጾም «ቬጋን» የሚል ምልክት በየሱፐርማርኬቱ አለ።

ሂርማታ_መርካቶ (ጠያቂ)

እጅግ አመሰግናለሁ፣ እግዜር ያክብርልኝ። አንድ የቀረኝ፦ ሳልዝበርግ የአሻንጉሊት ቴአትሩን ማታ አይቼ በዚያው ሌሊት ሙኒክ መመለስ እችላለሁ?

አዌቱ_ዳር

እንደ ምሽቱ ነው፤ እንዲህ አስልተሽ ወስኚ። ትርኢቱ 19፡30 ጀምሮ 2 ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ 21፡30 ያልቃል። ለጭብጨባና ለካፖርት 15 ደቂቃ፣ ወደ ጣቢያ በእግር 20 ደቂቃ ስጪ፣ 22፡05 ነው። ስለዚህ ከ22፡15 በፊት የሚነሳውን ባቡር አትቁጠሪ። ከዚያ በኋላ የሚነሳ የክልል ባቡር አንድ ብቻ ካለ በሱ አትተማመኚ፣ ከተሰረዘ ሳልዝበርግ ታድሪያለሽ። ሁለት ካሉ ሂጂ። ቅዳሜ ወይም እሁድ የቀን ትርኢት ካለ ግን እሱን ያዢ፣ በብርሃን ትመለሻለሽ። የጊዜ ሰሌዳውንም በዚያው ሳምንት ዓርብ እንደገና ክፈቺው፤ የሐዲድ ጥገና የሚበዛው ቅዳሜና እሁድ ነው፣ ባቡሩ በአውቶቡስ ሲተካ አንድ ሰዓት ይጨምራል።